በውድድር ወራት የፈረስ ቆዳ አያያዝ

የውድድር ወራት ለፈረስ ቆዳ ከባድ ጊዜ ነው። ኮርቻ ይጫነዋል፣ ላብ ይነክረዋል፣ አቧራ ይጠጣል። ፈረሱ ከከተማ ከተማ በመኪና እየተጓዘ በማያውቀው ጋጣ ያድራል። ስለዚህ እጥበቱ፣ ብሩሹ፣ ቅባቱና የቁስል መድኃኒቱ ከልምምዱ እኩል ይታያሉ። ጥሩ ባልደራስ በዚህ ጊዜ የሚይዘው ዕቃ ጥቂት ነው። ያንኑ በየቀኑ ይደጋግማል። ውድድር ሲቃረብ አዲስ ቅባት አይሞክርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከላቡ ነው። የፈረስ ላብ ከሰው ላብ ይልቅ ጨው ይበዛበታል። ላተሪን የሚባል ፕሮቲንም አለው። ፈረስ ሲጋልብ አንገቱ ላይና በጭኖቹ መሃል የሚታየው ነጭ አረፋ ከዚህ ፕሮቲን የሚመጣ ነው። በሙቀት ጠንክሮ የሚሠራ ፈረስ በሰዓት 10 ሊትርና ከዚያም በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ላብ ከኮርቻ ስር ደርቆ ካደረ በማግስቱ እንደ አሸዋ ይፈገፍጋል። ገጣባ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው። በየቀኑ በሻምፑ መፈተግም መፍትሔ አይሆንም። ቆዳው የራሱ ወዝ አለው። ወዙ ሲታጠብ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የሰው ሻምፑም ለሰው ቆዳ የተቀመመ ስለሆነ ለፈረስ አይመከርም።

ከግልቢያ በኋላ ንጹህ ውሃ ይበቃል። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ጡንቻን ይጎዳል የሚል ፍርሃት ለረጅም ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ በፊት የተደረጉ ጥናቶች ግን ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ማፍሰስ ፈረስን ቶሎ እንደሚያበርድና እንደማይጎዳው አሳዩ። ከዚያ እጅን በኮርቻው ቦታ፣ በደረቱ ስርና በእግሮቹ ላይ ማሳለፍ ነው። ትንሽ እብጠት ወይም ትኩሳት ከዓይን ቀድሞ የሚያገኘው መዳፍ ነው። ይህቺን የሁለት ደቂቃ ዳሰሳ ከማንኛውም ውድ ቅባት አስበልጣታለሁ።

ከሰኮናው በላይ ያለው የእግር ጀርባ መድረቅ አለበት። እርጥበት እዚያ ከሰነበተ ቅርፊት ያለው ቁስል ይወጣል። መንስኤ ከሚሆኑት ባክቴሪያዎች አንዱ ደርማቶፊለስ ነው፤ በዝናብ የሰነበተ ጀርባ ላይም ይወጣል። ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጀርም ገዳይ ሻምፑ የሚታጠበው የታመመው ቦታ ብቻ ነው። ሻምፑው 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይለቀለቃል፣ ቦታውም በደንብ ይደርቃል። ለነጭ አፍንጫ ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ቅባት ከፀሐይ ይከላከላል። የሚያቃጥል ማሻሻ ተቀብቶ በላዩ ፋሻ ሲጠመጠም ግን ቆዳ ሊላጥ ይችላል።

ብሩሽና የኮርቻ ጨርቅ ለእያንዳንዱ ፈረስ ለየብቻ ይሁን። ጭርት ምልክቱ የሚታየው ፈረሱ ከተያዘ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እስኪታይ ድረስ በአንድ ብሩሽ ጋጣው በሙሉ ሊዳረስ ይችላል።

ከሁሉም የሚከብደው የቅባት ሕግ ነው። በቆዳ ላይ የተቀባ ነገር ወደ ደም ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008ቱ ኦሎምፒክ ሆንግ ኮንግ ላይ በተካሄደው የዝላይ ውድድር ካፕሳይሲን የተገኘባቸው ፈረሶች ታገዱ። ካፕሳይሲን ቃሪያን የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ነው። ሕመም ለማስታገሻ ይቀባል፤ ቆዳን ስሱ ስለሚያደርግም ፈረሱ እግሩ እንጨት እንዳይነካ ከፍ አድርጎ እንዲዘል ሊያስገድደው ይችላል። ካሚሮ የተባለው ፈረስ ስለተገኘበት የኖርዌይ ቡድን የነሐስ ሜዳሊያውን አጣ።

ሌላው እ.ኤ.አ. በ2021 የተካሄደው ኬንታኪ ደርቢ የተባለው የአሜሪካ የፈረስ ሩጫ ነው። አንደኛ የወጣው ሜዲና ስፒሪት የተባለው ፈረስ በአንድ ሚሊ ሊትር ደሙ 21 ፒኮግራም ቤታሜታሶን የተባለ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ተገኘበት። ፒኮግራም ማለት የግራም ትሪሊዮንኛ ነው። የአሠልጣኙ የቦብ ባፈርት ወገን መድኃኒቱ የመጣው ለቆዳ ሽፍታ ከተቀባ ኦቶማክስ ከተባለ ቅባት ነው አለ። በውድድር ቀን መገኘት ስለሌለበት ግን አላዳነውም። በየካቲት 2022 ድሉ ተሰርዞ ሁለተኛ ለወጣው ፈረስ ለማንዳሉን ተሰጠ። ስለዚህ ማንኛውም ቅባት ከመቀባቱ በፊት ምን እንደያዘ ይነበባል፣ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቃል፣ የተቀባበት ቀን በደብተር ይጻፋል። «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ማንንም አያድንም፤ ካፕሳይሲንም ከቃሪያ ነው የሚገኘው።

የሚላጨውም ነገር ደንብ አለው። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ከሐምሌ 2021 ጀምሮ በአፍና በዓይን ዙሪያ ያሉት የመዳሰሻ ፀጉሮች የተላጩበትን ፈረስ ከውድድር ያግዳል። ደግ አደረገ። ፈረስ ከአፍንጫው ስር ያለውን የሚያውቀው በእነዚህ ፀጉሮች ነው።

በአገራችን ከታላላቆቹ የፈረስ ትርዒቶች አንዱ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚደምቀው የአዊ ፈረሰኞች በዓል ነው። የፈረሰኞቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። እዚያ የሚመጣ ፈረስም ያው ኮርቻ የሚጫነው፣ ያው የሚያልበው ነው። እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ስጋት አለ፦ ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የሚባል የፈንገስ በሽታ። ሞቅ ባሉ ከተሞች የጋሪ ፈረሶችን በጣም ይጎዳል። ፈንገሱ የሚገባው በቁስል ነው፤ ዝንብና የጋራ ዕቃ ያዛምቱታል። ሕክምናው ከባድና ውድ ነው። ስለዚህ ትንሿ የኮርቻ ቁስል ታጥባ፣ ዝንብ እንዳያርፍባት ተደርጋ፣ እስክትድን ኮርቻ ሳይጫንባት ትቆያለች። ልጓሙና ኮርቻውም ለሌላ ፈረስ አይዋስም።