ክሪስታል ስትራክቸር ምንድን ነው? ከካንሰር መድኃኒት ጋርስ ምን አገናኘው?

«የአዲስ ጸረ ካንሰር ሞለኪውል ክሪስታል ስትራክቸር» ምናምን የሚል የፔፐር ርዕስ ሲያይ መድኃኒት ተገኘ ብሎ ሼር የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። ቆይ እንጂ! ክሪስታል ስትራክቸር ማለት ሞለኪውሉ ውስጥ ያሉት አተሞች እያንዳንዳቸው የት እንደተቀመጡ የሚያሳይ ካርታ ነው፣ በቃ። ካንሰር ይገድላል አይገድልም የሚለውን እሱ አይነግርህም።

እንዴት ይሰራል ካልከኝ፣ መጀመሪያ ሞለኪውሉን ሶልቨንት (ማሟሚያ ፈሳሽ) ውስጥ ያሟሙትና ሶልቨንቱ ቀስ እያለ እንዲተን ይተዉታል፣ ከቀናቸው የጨው ፍሬ የምታክል ጥርት ያለች ክሪስታል ትወጣለች፣ ካልቀናቸው ደሞ ስንት ጊዜ ጠብቀው ዝልግልግ ያለ ነገር ያገኛሉ። ከዛ ኤክስሬይ ይለቁባታል። ተራ ብርሃን ለምን አይሆንም? በሁለት ካርበኖች መሀል ያለው ርቀት 1.54 አንግስትሮም አካባቢ ነው፣ አንድ አንግስትሮም ማለት ሚሊሜትር ለ10 ሚሊዮን ሲካፈል ነው እንግዲህ፣ የብርሃን ሞገድ ለዚህ በጣም ረጅም ነው፣ የኤክስሬይ ግን ልክ ይመጣል። ጨረሩ አተሞቹ ላይ እየተበተነ ነጠብጣብ ይሰራል፣ ኮምፒውተሩ ከዛ አስልቶ ቦታቸውን ያወጣል።

ቦታ ይሄን ያህል ያስጨንቃል ወይ? ሲስፕላቲንን እይ። ፕላቲነሙ ላይ ሁለቱ ክሎሪኖች ጎን ለጎን ሲሆኑ አሜሪካ በ1978 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀችው የካንሰር መድኃኒት ነው፣ እነዛው አተሞች ሆነው ክሎሪኖቹ ግራና ቀኝ ሲሆኑ ግን ለካንሰር አይረባም።

ሰው የሚያምታታው ምኑን መሰለህ፣ ክሪስታሉ ሁለት አይነት ነው። አንዱ ሞለኪውሉ ከመሰሎቹ ጋር ብቻ ተደርድሮ፣ ሌላው በሽታ የሚያመጣው ፕሮቲን ውስጥ ገብቶ ተሸጉጦ። የደም ካንሰር መድኃኒቱ ግሊቬክ ሁለቱም ታሪክ አለው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ክሪስታል ላይ የመድኃኒቱ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሞለኪውል ኤቢኤል የሚባለው ፕሮቲን ውስጥ ገብቶ ታየ፣ ፕሮቲኑን የሚይዘው ስራ ባቆመበት ቅርጹ መሆኑም ያኔ ታወቀ። ይሄን ከሞለኪውሉ ብቻ ክሪስታል ማንም አያነበውም።

የመድኃኒቱ የራሱ ክሪስታል ደሞ ፍርድ ቤት ድረስ አስኬደ። መድኃኒቱ የሚሰራው በጨው መልክ ነው (የወጥ ጨው አይደለም፣ የኬሚስትሪው)፣ ያው ጨው አልፋና ቤታ የሚባሉ አደራደሮች አሉት፣ የመድኃኒቱ አምራች ኖቫርቲስ ቤታው የበለጠ ይረጋል፣ እርጥበት ብዙም አይስብም ብሎ ህንድ ውስጥ ፓተንት (ሌላው እንዳያመርተው የሚከለክል መብት) ጠየቀበት። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 (እ.ኤ.አ.) በሽተኛውን የበለጠ ማዳኑ አልታየም ብሎ ከለከለው፣ የህንድ ፋብሪካዎችም ርካሹን ማምረታቸውን ቀጠሉ።