የሆስፒታል መረጃ ሥርዓት ዝርጋታ በደሴ፦ ዕቅዱ ከካርድ ክፍል ይጀምራል

የሆስፒታል መረጃ ሥርዓት የታካሚውን ምዝገባ፣ ምርመራ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ መድኃኒትና ክፍያ አንድ ላይ የሚይዝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የጤናው ዘርፍ የአምስት ዓመት ዕቅድ «የመረጃ አብዮት»ን ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎ ይዞት ነበር። ጤና ተቋማት ዛሬ ሪፖርታቸውን የሚልኩበት ዲኤችአይኤስ 2 የዚያ ጊዜ ፍሬ ነው። እሱ ግን በዋናነት የሚይዘው ድምር ቁጥር ነው። ስንት ሰው በወባ እንደታከመ ይናገራል፤ አንዲት እናት ባለፈው ወር ምን መድኃኒት እንደታዘዘላት ከሱ ማወቅ አይቻልም።

ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከደቡብ ወሎ ሌላ ከሰሜን ወሎ፣ ከከሚሴ አካባቢና ከአፋር ጭምር ታካሚ ይቀበላል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችም እዚያ ይሠለጥናሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሥርዓት ለመዘርጋት ሲታሰብ ወሬው ቶሎ ወደ ኮምፒውተር ብዛት ይሄዳል። በእኔ እምነት ግን ትልቁ ሥራ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው።

ስምን እንውሰድ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሰው የሚመዘገበው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ መሐመድ፣ ሰይድ፣ አህመድ የሚባል ሰው ብዙ ነው። አንዱ መዝጋቢ «ሙሐመድ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «መሀመድ»፣ ሦስተኛው «ሞሐመድ»። ኮምፒውተሩ ሦስቱን እንደ ሦስት ስም ያያቸዋል። ታካሚው ሲመጣ ካርዱ አይገኝም፣ አዲስ ይወጣለታል፣ የድሮው የአለርጂ ማስታወሻም እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደ አንድ ቆጥሮ፣ እንደ ሙ፣ መ እና ሞ ያለውንም ልዩነት አልፎ የሚፈልግ ፕሮግራም ያስፈልጋል። የእናት ስም፣ ቀበሌና ስልክ ቢጨመር ደግሞ በጣም ያግዛል። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር ላለው ሰው ነገሩ ይቀላል፤ በድንገተኛ የመጣ ሰው ግን መታወቂያ ላይዝ ይችላል።

የቀን አቆጣጠሩም ቀላል ነገር አይደለም። ፕሮግራሙ ጳጉሜን ካላወቀ ቀጠሮ ይዛባል። «3 ሰዓት» የሚለው ለነርሷ ጠዋት ነው፤ በውጭ አገር የተሠራ ፕሮግራም ግን ሌሊት አድርጎ ሊይዘው ይችላል። የመድኃኒት ሰዓት ላይ ይህ ስህተት ሰው ይጎዳል።

አዘረጋጉ ሁለት መንገድ አለው፦ በአንድ ቀን ሁሉንም ክፍል ማስገባት ወይም ክፍል በክፍል መሄድ። ለትልቅ ሆስፒታል ሁለተኛው ይሻላል። ምዝገባ ይቀድማል፣ ተመላላሽ ሕክምና፣ ላቦራቶሪና ፋርማሲ ይከተላሉ፣ ተኝቶ ሕክምና መጨረሻ ላይ ይገባል። የድሮውን ካርድ ሁሉ በአንድ ጊዜ መገልበጥ አያስፈልግም፤ ባለቤቱ ለሕክምና በመጣ ቁጥር ዋና ዋናው ይገባል። ወረቀቱና ኮምፒውተሩ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ አጭር ይሁን፣ ማብቂያውም አስቀድሞ ይቆረጥ። አለበለዚያ ሠራተኛው አንዱን ነገር ሁለቴ እየጻፈ ይሰለቻል፤ ሲሰለች ደግሞ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። ኢንተርን ሐኪሞች ከክፍል ክፍል ስለሚዘዋወሩ አንድ ዙር ሥልጠና አይበቃም። የሌሊት ተረኞችም ሊረሱ አይገባም፤ ችግር ሲፈጠር አጠገባቸው ባለሙያ የለም።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሳ ሰርቨሩን፣ ማለትም መረጃው የሚቀመጥበትን ዋና ኮምፒውተር፣ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። በየክፍሉም ኔትወርክ እስኪመለስ የሚሠራበት የወረቀት ቅጽ ይቀመጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ጋር ስለመደበው፣ ማን የማንን ካርድ መክፈት እንደሚችል ከመጀመሪያው መወሰን አለበት።

የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ የት ይቀመጥ? ቅርቡ ኮምቦልቻ ነው፤ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በጥቅምት 2014 ግን ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች በተመሳሳይ ቀናት ውስጥ ደረሰባቸው፣ የደሴ ሆስፒታልም ተዘረፈ፣ ንብረቱም ወደመ። ያንን ያየ ዕቅድ አውጪ ቅጂውን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያደርገዋል። ከቅጂው ላይ የታካሚ ካርድ መልሶ መክፈት ይቻል እንደሆነም በየጊዜው ያስሞክራል።