ማታ ማታ ውሃ መርጨት ሳር አያድንም

በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። "በየማታው አጠጣዋለሁ እኮ! ለምን ደረቀብኝ?" ይሉኛል። ባሕር ዳር ውስጥ የሰው ግቢ ሳር ስተክልና ስንከባከብ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት በጋ የለም። መልሴም ያው ነው። የደረቀው በየማታው ጥቂት ጥቂት ስለምታጠጡት ነው።

ከሥራ መልስ ጎማ ይዞ አስር ደቂቃ መርጨት ደስ እንደሚል አውቃለሁ። አፈሩ ይሸታል፣ ሳሩም ያብረቀርቃል። ግን ውሃው የት ደረሰ? ሂሳቡን እንሥራው። ሳሩ 40 ካሬ ሜትር ነው እንበል። አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብታፈሱበት 100 ሊትር ነው። 40 ካሬ ላይ ሲዳረስ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህ የላዩን አፈር ያረጥብና በማግስቱ ፀሐይ ጠንከር ሲል ተንኖ ያልቃል። ሥር ደግሞ የሚያድገው ውሃ ወዳለበት ነው። ውሃው ላይ ላዩን ከሆነ ሥሩም ላይ ላዩን ይቀራል። ከዚያ ውሃ ሁለት ሦስት ቀን ጠፋ ማለት ሳሩ ቢጫ ሆነ ማለት ነው።

በሞቃቱ ወቅት ሳር በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ለ40 ካሬ 1000 ሊትር፣ አንድ ሮቶ ውሃ መሆኑ ነው። ማታ ማታ የምትረጩት እኮ ተደምሮ በሳምንት 700 ሊትር ይሆናል! ያን ሁሉ ውሃ አፍስሳችሁ ሥሩ ጋ አልደረሰም። ስለዚህ በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ በደንብ አጠጡት። አፈራችሁ ጥቁር ከሆነ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚያስገባው። መፍሰስ ሲጀምር ዝጉት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ድገሙት። በማግስቱ ረጅም ካቻቢቴ መሬቱ ላይ ውጉ። ሳይታገል 15 ሳንቲ ሜትር ከገባ ውሃው ደርሷል።

ሽምብጥ አካባቢ አንዲት እናት ይህን ስነግራቸው "በሳምንት አንዴማ ይሞትብኛል" ብለው ተቆጡኝ። አንድ ጥግ ላይ በዶማ ገልብጬ አሳየኋቸው። ሥሩ ከጣት አይረዝምም ነበር። ከኅዳር ጀምረው እንዳልኳቸው አደረጉ። በሚያዝያ ስሄድ በሰፈሩ አረንጓዴ ሆኖ ያገኘሁት የእሳቸውን ግቢ ነው።

ሰዓቱንም ቀይሩት። ሲነጋ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ጥሩ ነው። ማታ ሲጠጣ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ያድራል፣ ያኔ ሻጋታ መጣ ማለት ነው። "ቀትር ላይ ካጠጡት ቅጠሉ ይቃጠላል" የሚባለው ግን እውነት አይደለም። ውሃው በትነት ይባክናል እንጂ የሚቃጠል ነገር የለም።

"ሐይቁ አጠገባችን ስለሆነ መሬቱ እርጥብ ነው" የሚሉም አሉ። በበጋ ካቻቢቴውን ውጉና እዩት።

"ቢጫ ከሆነ ሞቷል።" አልሞተም! ሰርዶ ውሃ ሲያጣ ቅጠሉን ትቶ ይተኛል። ሐረጉን ጫር አድርጋችሁ እዩት። ውስጡ ነጣ ያለና ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ። አንድ ደንበኛዬ በግንቦት ሙሉውን አስቆፍሮ አዲስ ሳር ገዛ። ሰኔ ላይ ዝናብ ሲጥል አጥሩ ሥር የጣለው ክምር አቆጠቆጠ። ያ ሁሉ ገንዘብ ያንገበግበኛል።

"እስከ መሬት ካጨድነው ቶሎ አያድግም።" ይህ መላጨት ነው። ሳር ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ። በበጋ ትንሽ አስረዝሙት፣ የገዛ ሥሩን ያጠላል። በሐምሌና በነሐሴ ግን በየሳምንቱ ማጨድ ግድ ነው። የማጭዱን ስለት አትርሱ። የዶለዶመ ማጭድ ሳሩን ይቦጭቀዋል።

ዩሪያ ላይ ደግሞ እለምናችኋለሁ። "ብዙ ካደረግን ይለመልማል" ብለው በእፍኝ የሚበትኑ አሉ። በበጋ ደረቅ አፈር ላይ ከተበተነ ያቃጥላል። በሐምሌ ዶፍ ከተበተነ ታጥቦ በቦይ በቦይ ወደ ጣና ይሄዳል። እንቦጭ የሚወደው ደግሞ እንዲህ ያለውን ምግብ ነው። ሐይቁን ለማዳን ስንት ሰው በእጁ እንቦጭ እየነቀለ እኛ ከግቢያችን ማዳበሪያ አንላክለት። ዝናቡ ሲጀምርና በመስከረም ሲቀንስ፣ በካሬ ሜትር 10 ግራም በቂ ነው። ለ40 ካሬ 400 ግራም ማለት ነው። ወዲያው ውሃ አጠጡት። ፍግ ከሆነ በደንብ የበሰበሰ ይሁን። ትኩሱ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል።

ማንጎ ሥር ሰርዶ አትትከሉ። ፀሐይ ይፈልጋል።

ጥር ሲመጣ ሰርግም አብሮ ይመጣል። ድንኳን ሳሩ ላይ ሳምንት ከቆየ መገርጣቱ አይቀርም፣ መሬቱም በእግር ብዛት ይጠጥራል። አትደንግጡ፣ አዲስ ሳርም አትግዙ። ድንኳኑ በተነሳ ማግስት በደንብ አጠጡ። መሬቱ ሲለሰልስ በመንሽ ወጋ ወጋ አድርጉት። ከዚያ ለሦስት ሳምንት ማጭድ አታስነኩት።