የነርሶች የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም በሐዋሳ

ነርሶችን ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ከሚያጋጥሟቸው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመሞች ወገብ ይቀድማል፤ አንገት፣ ትከሻ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይከተላሉ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች በአብዛኛው እንደሚያሳዩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ነርሶች ባለፉት 12 ወራት ከእነዚህ አንዱ አሟቸዋል። ጥናቶቹ አዘውትረው የሚጠቀሙት በ1987 እ.ኤ.አ. የኖርዲክ አገሮች ተመራማሪዎች ያወጡትን፣ ሰውነትን 9 ቦታ የሚከፍል መጠይቅ ነው። መጠይቁ የት እንዳመመ እንጂ ለምን እንዳመመ አይነግርም። ሌሊት ተረኛ አድራ ጠዋት ቤቷ ልብስ በእጇ የምታጥብና እንጀራ የምትጋግር ነርስ ወገቧን የያዛት የትኛው ሥራ እንደሆነ ራሷም መለየት ይቸግራታል።

የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሕዝቡ «ሪፈራል» የሚለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ከከተማው ሰው ሌላ ከሲዳማ ወረዳዎችና ከአጎራባች የኦሮሚያ ዞኖች ተልከው የሚመጡትን ያክማል፤ አዳሬ ሆስፒታልም አለ። ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ እግር አይገባም። መኪና የገጨው፣ ስትሮክ የጣለው፣ ምጥ የጸናባት ናቸው። ከአምቡላንስ ወደ ቃሬዛ፣ ከቃሬዛ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ራጅ ሰው መሸከም ነው ሥራው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤንነት ተቋም ምቹ በሆነ አቋም ለሚነሣ ሣጥን ያስቀመጠው ጣሪያ 23 ኪሎ ነው። ሰው ግን እጀታ የለውም፣ ይወራጫል፣ ያመዋል፤ ስለዚህ ለሕመምተኛ የሚመከረው ወደ 16 ኪሎ ይወርዳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሁለት ነርሶች ቢያነሡት ለእያንዳንዳቸው 30 ኪሎ ይደርሳል። «ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ወገብሽን ቀጥ አድርገሽ አንሺ» የሚለው ሥልጠና ብቻውን ጉዳቱን እንደማይቀንስ ተደጋግሞ የታየውም ለዚህ ነው።

ማንሻ ማሽን በሌለበት ዋርድ ሸክሙን የሚጋራው፣ በንብረት መዝገብ የማይሰፍረው አስታማሚ ነው። ከቦርቻ ወይም ከአለታ ወንዶ አብሮ የመጣው ወንድም እግር ይይዛል፣ ነርሷ ትከሻ። እንዴት እንደሚያነሣ የሚያሳየው ሰው ስለማይኖር ቀድሞ ሲስብ ወይም መሀል ላይ ሲለቅ ሙሉው ክብደት ድንገት እሷ ላይ ያርፋል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል እሱም የለም፤ እዚያ ግን የአልጋ ቁስል እንዳይዘው ራሱን የማያውቅ ሕመምተኛ በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ አለበት።

ማንሣት ብቻም አይደለም። ከፍታው በማይስተካከል አልጋ ላይ ጎንበስ ብሎ ደም ሥር መፈለግ፣ ቁስል ማጠብ፣ ለሕፃን መርፌ መውጋት አንገትንና ትከሻን ይይዛል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ደግሞ ለሰዓታት መቆም ነው፤ ጉልበትና እግር ያብጣል።

ሕክምናው ላይ ነርሶች ለሌላው የሚመክሩትን ለራሳቸው አይከተሉም። ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ መርፌ አንዱ ሌላውን ወግቶ ወደ ሥራ መመለስ የተለመደ ነው፤ መድኃኒቱ ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ ባይኖርም። ወጌሻ ቤት የሚሄድም አይጠፋም። አርፎ መተኛት ያድናል የሚለው አሮጌ ምክር ግን ተትቷል፤ ለተለመደው የወገብ ሕመም በልክ መንቀሳቀስ ይሻላል። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የማታ እግር ጉዞ ከአልጋ ይመረጣል ማለት ነው።

በሕጉ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሆስፒታል ነርሶችን ይሸፍናል፤ የመንግሥቶቹ የሚተዳደሩት በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር የእጅ አንጓንና የጉልበትን ሕመሞች በስም ሲጠራ የወገብ ሕመምን አይጠራም፤ «ሌሎች» በሚለው ውስጥ ማስገባት የሚቻለው ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት ሲረጋገጥ ነው።

ውድ ያልሆነው መላ አንሶላ ነው። ከሕመምተኛው ሥር ታጥፎ የገባ አንሶላ በሁለት ወገን ተይዞ፣ አንዱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ሲቆጥር፣ ሰውየው ይንሸራተታል እንጂ አይነሣም። ቆጠራውን አስታማሚውም በሚሰማው ቋንቋ፣ በሲዳምኛ ቢሆን በሲዳምኛ፣ ማድረግ ነው።