የዘር ሐረግ ድረ ገጾችና የቤተሰብ ምስጢር አያያዝ በአዲስ አበባ ዳርቻ

የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ሰው የወላጆቹን፣ የአያት ቅድመ አያቶቹን ስም እየመዘገበ የቤተሰቡን ዛፍ የሚያቆምበትና ሌላ ዘመድ ከመዘገበው ጋር የሚያገናኝበት የኢንተርኔት መዝገብ ነው። ፋሚሊሰርች፣ አንሴስትሪ፣ ማይሄሪቴጅ፣ ጄኒ እና ዊኪትሪ ከታወቁት መካከል ናቸው። ፋሚሊሰርች እ.ኤ.አ. በ1894 በዩታ ከተቋቋመ የትውልድ ጥናት ማኅበር የመጣ ሲሆን፣ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ታስተዳድረዋለች፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው።

በነዚህ ድረ ገጾች ሁለት ዓይነት መገለጫ አለ። አንዱ የተመዝጋቢው የራሱ ገጽ ነው፤ ስሙን፣ ፎቶውን፣ አድራሻውን ማን እንደሚያይ ባለቤቱ ይወስናል። ሁለተኛው በዛፉ ላይ ለሰፈረው ለእያንዳንዱ ሰው የሚከፈተው ገጽ ነው። ይህን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው፤ የተጻፈለት ሰው ጨርሶ ላያውቅ ይችላል። ከባዱ ጥያቄ የሚነሳው ከዚህኛው ነው።

በአዲስ አበባ ዳርቻ ሐረግ መቁጠር አዲስ ነገር አይደለም። ገላን፣ ጉለሌ፣ የካ የሚሉት ስሞች የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ስሞች ናቸው፤ ከተማዋ እየሰፋች የደረሰችባቸው ቦታዎች የሚጠሩት በነዋሪዎቻቸው ዘር ነው። አባቶቻቸውን ሲወርድ ሲዋረድ በቃላቸው የሚቆጥሩ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። በአማራውም ቤት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥር ነበር። በኋላ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ዕጣ ያገናኛቸውን ሰዎች ጎረቤት አደረጉ። በቅርቡም ከካዛንቺስ የተነሱ ነዋሪዎች ገላን ጉራ ገብተዋል። በድሮው ሰፈር «የማን ልጅ ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መንደሩ በሙሉ መልስ ነበረው፤ በአዲሱ ብሎክ ግን ፊት ለፊት ያለውን በር የሚከፍተው ማን እንደሆነ እንኳ ለማወቅ ወራት ይፈጃል። ወጣቱ የእናቱን አልበም በስልክ ፎቶ እያነሳ ወደ ዛፉ የሚያስገባው እንዲህ የተበተነውን ለመሰብሰብ ነው። መልካም ሥራ ነው፤ ጥንቃቄ የሚያሻውም መልካም ስለሆነ ነው።

ድረ ገጾቹ የሚከተሉት ዋና ደንብ ሙታን ለሁሉም እንዲታዩ፣ ሕያዋን እንዲሸፈኑ ማድረግ ነው። ፋሚሊሰርች በሕይወት ያለን ሰው ገጽ ከመዝጋቢው በቀር ከሕዝብ ይሰውራል። አንሴስትሪ ዛፉን ለሕዝብ ክፍት ወይም ዝግ የማድረግ ምርጫ ይሰጣል፤ ክፍት በሆነውም ቢሆን ሕያዋን አይታዩም። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተው ዊኪትሪ ከፍጹም ስውር እስከ ሙሉ በሙሉ ክፍት የሚደርሱ ደረጃዎች አሉት፤ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በስውሩ ደረጃ ብቻ ነው የሚቀመጡት።

ይህ ሽፋን ግን የተሰፋው የቤተሰብ ስም ላላቸው አገሮች ልክ ነው። የእኛ ስም ከነአባትና ከነአያት የሚጠራ በመሆኑ ራሱ የሦስት ትውልድ ዛፍ ነው። በሕይወት ያለ አባት በስውር ቢቀመጥ፣ በሞት በተለየች ልጁ ገጽ ላይ የእሱና የአባቱ ስም ይነበባል። በሕይወት ያለ ልጁ ደግሞ በራሱ መገለጫ ላይ ሙሉ ስሙን ከጻፈ የአባቱን ስም አብሮ አወጣ ማለት ነው። ሴቶቻችን ሲያገቡ ስም አይለውጡም፤ ስለዚህ የእናት ስም በቀጥታ ወደ እናት ቤተሰብ ይመራል። ባንክ ሂሳብ ስንከፍት የእናት ሙሉ ስም እንጠየቃለን፤ በስልክ ማንነታችንን ስናረጋግጥም ይህ ስም እንደ ምስጢር ሊቆጠር ይችላል። ያንኑ ስም በክፍት ዛፍ ላይ ከልደት ቀን ጋር አስቀምጦ መሄድ ቁልፍን በር ላይ ሰቅሎ እንደመሄድ ነው። ለተመዝጋቢው ገጽ የራስ ስም ብቻ ወይም የቤት ስም ይበቃል። የስልክ ቁጥር፣ የብሎክና የቤት ቁጥር በምንም ምክንያት መታየት የለበትም።

የትውልድ ቦታም እንዲሁ ቀላል መረጃ አይደለም። በአገራችን ወረዳና ቀበሌ ሲጻፍ ብሔር ይገመታል፤ የክርስትና ስም ወይም የአያት ስም ሃይማኖትን ይናገራል። ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ተፈናቅሎ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አይፈልግም። በእኔ እምነት የሕያዋን የትውልድ ቦታ ባዶ ቢተው ዛፉ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የጉዲፈቻ ጉዳይ ነው። በኦሮሞ ባህል በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ከአሳዳጊው ሐረግ ይቆጠራል፤ በብዙ ቤት ልጁ ራሱ የሚያውቀው ካደገ በኋላ ነው፣ አንዳንዱም ሳያውቅ ይኖራል። ኢትዮጵያ ልጆች ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ በ2010 ዓ.ም. ከልክላለች፤ ከዚያ በፊት የሄዱት ዛሬ አድገው ወላጆቻቸውን ይፈልጋሉ። የመፈለግ መብታቸው የሚያከራክር አይደለም። በሌላው ወገን ግን የወለደችውን ልጅ ለባሏም ለልጆቿም ተናግራ የማታውቅ እናት ልትኖር ትችላለች። ስሟን በዛፍ ላይ ከማውጣት በፊት በድረ ገጹ የውስጥ መልእክት ወይም በሚታመን ሰው በኩል መጠየቅ ይገባል። እምቢ ካለችም መዝገቡ ዝግ ሆኖ መቆየት አለበት።

የአንዱ በር ሲከፈት የዘመዶቹም እንደሚከፈት እ.ኤ.አ. በ2023 23አንድሚ (23andMe) በተባለው የዘረመል ምርመራ ድርጅት ላይ የደረሰው ያሳያል። ሰርጎ ገቦች በሌላ ቦታ የተሰረቁ የይለፍ ቃሎችን እየሞከሩ ወደ 14,000 የሚሆኑ ሂሳቦች ገቡ፤ ዘመዶችን በሚያገናኘው አገልግሎት በኩል ግን የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ደረሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ማይሄሪቴጅ ከ92 ሚሊዮን በላይ የተመዝጋቢዎች የኢሜይል አድራሻና የተመሰጠረ የይለፍ ቃል ከእጁ መውጣቱን አሳውቋል። ለዛፉ ሌላ ቦታ ያልዋለ የይለፍ ቃልና ሁለተኛ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ማረጋገጫው በስልክ ቁጥር ከሆነ ሲም ካርድ ሲቀየር ወዲያው ማስተካከል ነው።

የዘመን አቆጣጠር ልዩነትም ያልታሰበ ቀዳዳ ይከፍታል። ድረ ገጾቹ የሚሠሩት በጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በ7፣ ከዚያ በኋላ በ8 ያንሳል። ፋሚሊሰርች የሞት መረጃ ያልገባለትን ሰው በሕይወት እንዳለ የሚቆጥረው ባለፉት 110 ዓመታት ውስጥ ከተወለደ ነው። የ104 ዓመት አዛውንት የልደት ዓመታቸው ሳይቀየር ቢገባ በመዝገቡ 112 ይሆናሉ፤ ሽፋኑ የሚነሳባቸው ገና በሕይወት እያሉ ነው።

በሕግ በኩል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ድረ ገጾቹ መቀመጫቸው ውጭ በመሆኑ ግን ለአንድ የኮዬ ፈጬ ነዋሪ ፈጥኖ የሚደርሰው ድረ ገጹ ራሱ የሚሰጠው የማረሚያና የማስነሻ ጥያቄ ነው።

ሂሳብን መዝጋት ሁሉንም አያጠፋም። በፋሚሊሰርች የጋራ ዛፍ ላይ የገቡ የሙታን ገጾች መዝጋቢው ቢወጣም ይቀራሉ። በሕይወት እንዳለ የተመዘገበ ሰውም መሞቱ በተመዘገበ ጊዜ ስውር የነበረው ገጹ ለሕዝብ ይከፈታል። ይህን በለቅሶው ሰሞን፣ ድንኳኑ ሳይነሳ የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ከሩቅ አገር ሆነው ያዘኑ ዘመዶች ናቸው። ከአርባው በኋላ፣ ቤተሰቡ በገጹ ላይ ያለውን ፎቶና ማስታወሻ አንድ በአንድ አይቶ የሚነሳውን ካነሳ በኋላ ቢሆን ይሻላል።