ብዙ ዓመት ስለዘለቁ የአዋቂዎች ካርቱኖች የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

«ሲምፕሰንስ ድሮ ቀረ» ሲባል ያልሰማ የአኒሜሽን ተመልካች ማግኘት ይከብዳል። ይህ የአሜሪካ አስቂኝ የቤተሰብ ተከታታይ ራሱን ችሎ በፎክስ ጣቢያ መታየት የጀመረው በዲሴምበር 1989 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «አበቃለት» የሚለው ወሬ ደግሞ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተለይቶት አያውቅም። ሳውዝ ፓርክና ፋሚሊ ጋይ የተባሉት ሌሎቹ የአሜሪካ የአዋቂዎች ካርቱኖችም ከዚሁ ሐሜት አላመለጡም። ሐሜቱ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም፤ ደካማ ዓመታት በእርግጥ ነበሩ። ብዙ ጊዜ የሚሳተው ምክንያቱ ላይ ነው።

«ካርቱንን ለአዋቂ ያመጣው ሲምፕሰንስ ነው»

ዘ ፍሊንትስቶንስ የተባለው ካርቱን በ1960 በኤቢሲ ጣቢያ ሲጀምር የተሰጠው ሰዓት የልጆች ሰዓት ሳይሆን ምሽት ነበር። ባልና ሚስት ይነታረካሉ፣ አለቃ ይቆጣል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይፎካከራል። በስድስት ምዕራፍ 166 ክፍሎች ተሠርተውለታል። ሲምፕሰንስ ያስመለሰው ካርቱን አጥቶት የቆየውን የምሽት ሰዓት ነው፤ ይህም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም።

«የሚበላሹት ሐሳብ ስለሚያልቅባቸው ነው»

ሐሳብ አያልቅም። ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና መጠጥ ቤት ያለባትን ከተማ በእጁ የያዘ ጸሐፊ ጋዜጣ በገለጠ ቁጥር አዲስ ታሪክ ያገኛል። ቀድሞ የሚያልቀው ለገጸ ባሕርይ ያለው ትዕግሥት ነው።

የሲምፕሰን ቤተሰብ ጎረቤት የሆነውን ኔድ ፍላንደርስን እንመልከት። በ1990 በታየ አንድ ክፍል የሲምፕሰን ቤተሰብ አባት ሆመር ወደ ኔድ ቤት ምድር ቤት ይወርዳል፤ የሚያምር መዝናኛ ክፍል፣ ከቧንቧ የሚቀዳ ቢራ ሳይቀር ያገኛል። ኔድ በቅንነት ያስተናግደዋል፤ ሆመር ግን በቅናት ያርራል። ኔድ ያኔም ሃይማኖተኛ ነው፤ ነገር ግን ሃይማኖቱ ከመልካም ጉርብትናው፣ ከሰላማዊ ትዳሩና ከተሰናዳ ቤቱ ጋር የሚቆጠር አንድ ጠባዩ ነበር። የሚያስቀን እሱ ሳይሆን የሆመር መንጨርጨር ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ያ አንዱ ጠባይ ሌሎቹን ሁሉ ዋጣቸው፤ ኔድ ብቅ ባለ ቁጥር ቀልዱ ስለ ጸሎትና ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ሆነ። ሆመርም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ክፍል የገና ጉርሻውን ሲነፈግ ለልጆቹ ስጦታ መግዣ ብሎ በገበያ አዳራሽ የገና አባት ልብስ ለብሶ የሚሠራ፣ ኑሮ የከበደው አባት ነበር። በኋላ በኋላ ለማንም የማይጨነቅ አውታታ የሆነባቸው ዓመታት አሉ።

ይህ የሚሆነው ጸሐፊዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይመስለኝም። አንድ ገጸ ባሕርይ በአንድ ጠባዩ ደጋግሞ ካሳቀ፣ ቀኑ ሲመሽና ገጹ ባዶ ሲሆን እጅ የሚዘረጋው ወደዚያው ነው። በዚያ ላይ ዘግይቶ የሚቀጠረው ጸሐፊ ትዕይንቱን እያየ ያደገ ነው፤ ኔድን የሚያውቀው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ቀልዶቹ ስብስብ ነው።

ይህንን የሚከላከለው ዋና አዘጋጁ ነው፤ የትኛው ቀልድ ይግባ፣ የትኛው ይውጣ የሚለውን የመጨረሻ ቃል የሚናገረው እሱ ነውና። ሲምፕሰንስን መጀመሪያ የመራው ሳም ሳይመን ነበር፤ ከዚያ አል ጂንና ማይክ ሪስ፣ ቀጥሎ ዴቪድ ሚርኪን፣ ቀጥሎ ቢል ኦክሊና ጆሽ ዋይንስቲን ተረከቡ። ተመልካች «ወርቃማው ዘመን» በሚለው በዚያ ስምንት ምዕራፍ ውስጥ ብቻ አራት አመራር ተፈራርቋል ማለት ነው። ስለዚህ «ሰው ስለተቀያየረ ተበላሸ» የሚለውም መልስ አይሆንም። እንዲያውም እኔ የምጠረጥረው ተቃራኒውን ነው፦ ከ2001 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል መሪው አንድ ሰው፣ አል ጂን፣ ሆኖ ቆይቷል። ችሎታው አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ያንን ያህል ዘመን በአንድ ጆሮ የተመዘነ ቀልድ መመሳሰሉ አይቀርም።

«ፈጣሪው ከሄደ ነፍሱም ይሄዳል»

ማት ግሬኒንግ የሲምፕሰን ቤተሰብን ፈጠረ፤ የመጀመሪያዎቹን ጸሐፊዎች መልምሎ የቀልዱን ምት ያስያዘው ግን ሳም ሳይመን ነው፤ እሱም በ1993 ለቀቀ። ከሁሉ ይበልጥ ብዙ ክፍሎችን የጻፈው ጆን ስዋርትስዌልደር ሲሆን 59 ክፍሎች በስሙ ተመዝግበዋል። የፋሚሊ ጋይ ፈጣሪ ሴት ማክፋርሌን ዛሬም የፒተርን፣ የስቱዊንና የብራያንን ድምፅ ይሰጣል፤ የጽሑፉን ሥራ ግን ለብዙ ዓመታት የመሩት ሌሎች ናቸው። አባባሉ በእርግጥ የሚሠራው ለሳውዝ ፓርክ ነው፤ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ትሬይ ፓርከር ዛሬም አብዛኛውን ክፍል ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ያዘጋጃል።

«የወደፊቱን ይተነብያሉ»

ይህ ከሁሉ የማያልቀው ነው። መነሻው በማርች 2000 የታየ የሲምፕሰንስ ክፍል ነው፤ የሆመር ልጅ ሊሳ አድጋ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትሆንና «ከፕሬዚዳንት ትራምፕ» የወረሰችውን የበጀት ቀውስ ታነሣለች። ግጥምጥሞሹ ያስገርማል። ነገር ግን ከ1999 መጨረሻ እስከ 2000 መጀመሪያ ትራምፕ ራሱ በሪፎርም ፓርቲ በኩል ለፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር ያስብ ነበር፤ ስሙ ለፖለቲካ ወሬ እንግዳ አልነበረም። በተንቀሳቃሽ ደረጃ ሲወርድ የሚያሳየውና «ከዓመታት በፊት የተሣለ» እየተባለ የሚዘዋወረው ሥዕል ደግሞ የተወሰደው በጁላይ 2015 ከወጣ አጭር ቪዲዮ ነው፤ ትራምፕ ለምርጫ መወዳደሩን ያሳወቀበት እውነተኛው መግለጫ የተሰጠው ከዚያ ቀደም ብሎ በጁን ነው። ከ750 በላይ ክፍሎች የተሠሩለት ትዕይንት፣ በየክፍሉ በደርዘን የሚቆጠሩ ቀልዶች እያሉት አንዳቸውም ባይገጥሙ ነበር ተአምሩ።

አሠራሩን ያየ ሰው ስለ ትንቢት አያወራም፤ ዜናን እግር በእግር መከተል እንኳ አቅቷቸዋልና። ጽሑፉ በጠረጴዛ ዙሪያ ይነበባል፣ ይከለሳል። ተዋንያኑ ድምፃቸውን ይቀዳሉ። ስቶሪቦርዱ፣ ማለትም የታሪኩ ንድፍ በተከታታይ ሥዕሎች፣ ይሣላል፤ ሥዕሎቹ ከድምፁ ጋር በጥሬው ተገጣጥመው ይታያሉ፤ ያላሳቀው ወጥቶ እንደገና ይጻፋል። አብዛኛው የማንቀሳቀስ ሥራ ደቡብ ኮሪያ ወዳሉ ስቱዲዮዎች ይላካል። ተመልሶ ሲመጣም የሚታረም አይጠፋም። አንድ ክፍል ከመነሻው እስከ ስርጭቱ ዘጠኝ ወር ገደማ ይወስዳል። ዛሬ ትኩስ የሆነ ጉዳይ ላይ የተጻፈ ቀልድ በዚያን ጊዜ ቀዝቅዞ ይደርሳል፤ ስለዚህ ጎበዝ አዘጋጅ ከዜናው ይልቅ የማይለወጠውን የሰው ጠባይ ይመርጣል።

ሳውዝ ፓርክ ይህን ሁሉ ገልብጦታል። አንድ ክፍል በስድስት ቀን ያልቃል፤ ሐሙስ ተጀምሮ ረቡዕ ማታ ይተላለፋል። በኦክቶበር 2013 ስቱዲዮው መብራት ጠፍቶበት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክፍል ሳይደርስ ቀረ። በኖቬምበር 2016 ሂላሪ ክሊንተን ታሸንፋለች ብለው ያዘጋጁትን ታሪክ የምርጫው ውጤት ሲገለባበጥ በአንድ ሌሊት እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። እንዲህ ያለው ፍጥነት ትዕይንቱን ሕያው ያደርገዋል፤ ዋጋም ያስከፍለዋል። የዚያን ሳምንት ውዝግብ ያላስታወሰ ተመልካች ከዓመታት በኋላ ግማሹ ቀልድ ያመልጠዋል።

«ገጸ ባሕርያቱ አለማርጀታቸው ለጸሐፊዎቹ እረፍት ነው»

እረፍቱ ሃያ ዓመት እንኳ አልቆየም። የሆመር ልጅ ባርት በ1989 የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ ዛሬም ዐሥር ነው። በ1991 የታየ ክፍል ሆመርና ሚስቱ ማርጅ በ1974 ተማሪ ሳሉ እንደተዋወቁ አሳየ፤ ሒሳቡ ያኔ ይገጥማል። በ2008 ሲሆን ግን በ1974 ተማሪ የነበሩ ሰዎች የዐሥር ዓመት ልጅ አላቸው ማለት አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ አዲስ ክፍል የወጣትነታቸውን ዘመን ወደ 1990ዎቹ አዛወረው፤ ሆመር የሮክ ባንድ አቋቁሞ ይዘፍናል። የቀድሞ አፍቃሪዎች «ታሪካችንን ሰረዙብን» ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ ሆኖም ጸሐፊዎቹ የትኛውን ምርጫ ቢወስዱ ከአንዱ ወገን ተቃውሞ አያመልጡም ነበር። የሆመር አባት አብርሃም ደግሞ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች ነው፤ እሱን በሕይወት ለማቆየት ዕድሜውን አለመቁጠር ብቻ ነው ያለው አማራጭ።

ኪንግ ኦፍ ዘ ሂል የተባለው ሌላው የቤተሰብ ካርቱን ሌላውን መንገድ ሄደ። በ2010 ያበቃው ተከታታይ በ2025 ሲመለስ ጊዜው ያለፈ መሆኑን አልካደም። ባልና ሚስቱ ሃንክና ፔጊ በሥራ ምክንያት ከኖሩባት ከሳዑዲ ዓረቢያ በጡረታ ይመለሳሉ፤ ትንሹ ልጃቸው ቦቢ የ21 ዓመት ወጣትና በዳላስ ምግብ አብሳይ ሆኗል። አገራቸው ሳይኖሩባት ተለውጣ ጠበቀቻቸው፤ እያንዳንዱ ትዕይንት ከዚያ የሚቀዳ ቀልድ አለው። ቆይቶ ከተመለሰ ተከታታይ ሁሉ ይህ ውሳኔ ይበልጥብኛል።

«ድምፅ በቀላሉ ይተካል»

አንዳንዱ ይተካል፣ አንዳንዱ አይተካም። በፋሚሊ ጋይ ሜግ የተባለችው ገጸ ባሕርይ ድምፅ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ወደ ሚላ ኩኒስ ሲዞር ብዙው ሰው ልብ እንኳ አላለም። ተዋናዩ ፊል ሃርትማን በ1998 ሲገደል ግን ሲምፕሰንስ ድምፅ የሚሰጣቸውን ገጸ ባሕርያት ትሮይ መክሉርንና ላዮኔል ኸትስን አብሮ አሰናበተ፤ ተዋናይዋ ማርሻ ዋላስ በ2013 ስታርፍም የመምህርት ኤድና ገጸ ባሕርይ በዚያው ተሸኘች።

«ሥዕሉ ካማረ ሥራው ተሻሻለ»

የሳውዝ ፓርክ የመጀመሪያ ክፍል የተሠራው በተቆራረጠ ወረቀት ነበር። በኋላ ወደ ኮምፒውተር ሲዞሩ ለትልልቅ ፊልሞች የሚያገለግለውን ማያ የተባለ ሶፍትዌር ያዙ፤ የሚጠቀሙበት ግን ያንኑ የተቆራረጠ ወረቀት ለማስመሰል ነው።

«አንዴ የወረደ አይነሣም»

ፋሚሊ ጋይ በ2002 ተሰርዞ ነበር። የዲቪዲው ሽያጭና በሌሊት የሚታየው ድጋሚ ስርጭት ተመልካች ስላበዛለት በሜይ 2005 ፎክስ መልሶ አመጣው። ሲምፕሰንስም በ2021 ዋናው ኃላፊነት ወደ ማት ሴልማን ሲዞር መልኩን መቀየር ጀመረ፤ ብዙ ሐያስያን ትዕይንቱ እንደ አዲስ ነፍስ እንደዘራ ጻፉ። እኔም ከዚያ ወዲህ ያሉትን ምዕራፎች ከቀደሙት ዐሥር ዓመታት አስበልጣለሁ። በዚያው ዓመት እንደ ወንጀል ድራማ የተሠራ ባለሁለት ክፍል ታሪክ ቀረበ፤ በ2022 የሃሎዊን ክፍል ደግሞ ቤተሰቡ በጃፓን አኒሜ ስልት ተሥሎ መጣ። አል ጂንም አልሄደም፤ ጥቂት ክፍሎችን ይመራል። ፎክስ በ2025 ተጨማሪ አራት ምዕራፎች አዝዟል፤ ከእነሱም መካከል ደካማ ክፍሎች አይጠፉም።