ከመስቀሉ ሥር የተጣለው ዕጣ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በዘንድሮው ስቅለት እዚህ ደሴ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣት መዝሙረ ዳዊቱን ሲገልጥ፣ በገጾቹ መካከል እንደ ምልክት ያስገባት የቤቲንግ ትኬት ወደቀች። ከስግደት በኋላ ወደ ፒያሳ ስንወርድ ብጠይቀው፣ ስለ ቁማርተኛ ያየውን ፊልም አጫወተኝና «መምህር፣ ሰውዬው እኮ ለዚያ የተጠራ ነው» አለኝ።

ቃሉ አሳዘነኝ። እኛ ጥሪ የምንለው ማቴዎስን ከመቅረጫው ያስነሣውን ድምፅ ነው፤ ፊልሙ ግን ሰውን ከጠረጴዛው እንዳይነሣ ያሰረውን ነገር በዚያው ስም ይጠራዋል። ካርታ የያዙትን ጣቶች አቅርቦ ያሳየናል፣ ተሸናፊውን እንኳ ጀግና ያስመስለዋል፤ የቤት ኪራይ የቸገራት ሚስት ግን ብትታይ ለአፍታ ነው። 37 ቁጥሮች ያሉት ሩሌት የሚባለው የቁማር መንኮራኩር አንዱን ቁጥር በትክክል ለገመተ 35 እጥፍ ብቻ እንደሚከፍል፣ ጨዋታው ከመነሻው ለቁማር ቤቱ እንዲያደላ ተደርጎ እንደ ተሠራም አይነግረንም።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ወታደሮቹ የጌታን ልብስ ለአራት ከተካፈሉ በኋላ፣ ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ ስለ ተሠራው እጀ ጠባብ «ለማን እንዲሆን በእርሱ ዕጣ እንጣጣልበት እንጂ አንቅደደው» ተባባሉ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚታየኝ አንገታቸው ነው። የዓለም መድኃኒት ከራሳቸው በላይ ተሰቅሎ፣ እናቱም በመስቀሉ አጠገብ ቆማ ሳለ፣ እነርሱ አቀርቅረው ዕጣው ለማን እንደሚወጣ ይጠባበቃሉ። እኛስ ከስግደት ተነሥተን፣ ግንባራችን ላይ ያለው አቧራ ሳይራገፍ፣ ስልካችን ላይ የምናቀረቅረው ምን ፍለጋ ነው? በሐዋርያት ቀኖና ቁማርን አልተውም ያለ ካህን እንደሚሻር፣ ምእመንም ከኅብረት እንደሚለይ ተጽፎ ሳለ፣ እኛ መምህራንም ዝም ብለናል።

ወጣቱ «ሐዋርያትስ ለማትያስ ዕጣ ጥለው የለ?» አለኝ። ጥለዋል፤ ነገር ግን በይሁዳ ፈንታ የሚተካውን ለመምረጥ፣ አስቀድመው ጸልየው ነው፣ የባልንጀራቸውንም ገንዘብ ሊወስዱ አይደለም።

ደግሞም ማቴዎስ እንደ ጻፈው፣ ምድር ስትናወጥ «ይህ በእውነት የእግዚአብሔር ልጅ ነበረ» ያሉት መቶ አለቃውና አብረውት ይጠብቁ የነበሩት ናቸው፤ እነዚያው ዕጣ ሲጣጣሉ የነበሩት ማለት ነው። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። ትኬቷን ግን አጥፎ ኪሱ ከተታት፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ወደ ንስሐ አባቱ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል።